እናቱን የሚያስታምም ሰው ጀልባ ሲያምረው

ማታ ማታ እማዬን መድኃኒቷን አውጬ፣ አገላብጬ አስተኝቼ፣ የኮሪደሩን መብራት ስቀንስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ይሆናል። ያኔ ሶፋው ላይ ዘፍ እልና ስልኬን አነሳለሁ። ሌላው ሰው በዚህ ሰዓት ቲክቶክ ያያል። እኔ የሚሸጡ ጀልባዎች አያለሁ። አንዷን ከሌላዋ አወዳድራለሁ። የምድጃዋን ፎቶ አጎላለሁ። አልጋዋ አጠገብ ያለችውን ክብ መስኮት አያለሁ። ከዚያ እማዬ ትጣራለች፣ ስልኩን አስቀምጣለሁ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ባለፈው ወር ግን አንዲት ልጅ ከበርሚንግሃም ደወለችልኝ። ቁጥሬን ከቤተ ክርስቲያን ሰው ነው ያገኘችው። አባቷን ስድስት ዓመት አስታማለች። በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አላቸው። «እትዬ፣ ቤቱን ልለቅ ነው፤ ናሮውቦት ገዝቼ አባዬን ይዤ ልግባ» አለችኝ። ሳቄ መጣ። በእሷ አይደለም የሳቅኩት። ለካ ብቻዬን አይደለሁም ብዬ ነው።

ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ናሮውቦት ለማታውቁ፣ ርዝመቷ እስከ 21 ሜትር የሚደርስ፣ ወርዷ ግን ከ2 ሜትር ትንሽ ብቻ የሚያልፍ የብረት ጀልባ ናት። እንዲህ የቀጠነችው ያለ ነገር አይደለም። የእንግሊዝ ካናሎች (ሰው የሠራቸው የጀልባ ቦዮች) አብዛኞቹ የተቆፈሩት ከ200 ዓመት በፊት፣ የድንጋይ ከሰልና ሸቀጥ ለማመላለስ ነው። ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት የውሃ በሮች፣ ሎክ የሚሏቸው፣ በብዙ ቦታ ጠባብ ናቸው። ጀልባዋ በበሩ ልክ ተሰፋች ማለት ነው። እኛ ሰፈር፣ ለንደን ውስጥ ከሃሮው ሮድ ጀርባ፣ የኬንሳል ግሪንን መቃብር ታኮ የሚያልፈው ካናል በ1801 የተከፈተ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ ነው)። እኔ ስንት ዓመት በድልድዩ ላይ በአውቶቡስ አልፌ ቁልቁል አይቼው አላውቅም ነበር። ያየሁት እማዬ ስትሮክ መትቷት ፓዲንግተን ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ነው። ሆስፒታሉ ካናሉ ዳር ነው። ከእሷ ስወጣ ወደ ባቡር መሄድ ሲያስጠላኝ ዳር ዳሩን ይዤ በእግሬ መጣሁ። አንዲት ሴት ጀልባዋ ጣሪያ ላይ ቲማቲም ታጠጣለች። ከጭስ ማውጫዋ ቀጭን ጭስ ይወጣል። ማንም አይጠራትም። ቀናሁባት።

እና መጀመሪያ የምላችሁ፣ ይህ ምኞት ከመጣባችሁ አትፈሩት። እኛ ዘንድ አስታማሚ «ደከመኝ» አይልም። ካለም «እናትሽ እኮ ናት! ምርቃት ነው የምታፍሺው» ይባላል። እውነት ነው፣ ምርቃት ነው። ግን ምርቃት ወገብ አያሳርፍም። ስለዚህ «ደከመኝ» ማለት ያልተፈቀደለት አፍ «ጀልባ አማረኝ» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ «አገሬ ገብቼ እርሻ ልጀምር» ይላል፤ ያው ነው።

ሁለተኛው ነገር ስም ነው። «ኬረር»፣ አስታማሚ ማለት ነው፣ ሲባል እኛ የሚታየን በኤጀንሲ የሚሠራ፣ ዩኒፎርም የለበሰ፣ በሰዓት የሚከፈለው ሰው ነው። ግማሾቻችን ሠርተንበታል። የራስን እናት መጦር ግን ሥራ አይመስለንም፤ ልጅነት ነው። ሐኪሟ «ማን ይንከባከባታል?» ሲለኝ ሦስት ዓመት ሙሉ «ማንም፣ እኔ ብቻ ነኝ» እያልኩ ኖርኩ። ያ «ማንም» ዋጋ አስከፈለኝ። «እኔ ኬረሯ ነኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተለማመዱት። መስታወት ፊትም ቢሆን። ጂፒያችሁ፣ የሰፈር ሐኪማችሁ፣ ጋ ሄዳችሁ አስመዝግቡት።

ከዚያ ካውንስላችሁን የኬረር ግምገማ ጠይቁ። እንግሊዝ ውስጥ ይህ በ2014 በወጣው የእንክብካቤ ሕግ የተሰጠ መብት ነው። በነፃ ነው። የምትጠየቁት ስለ እናታችሁ ብቻ አይደለም፣ ስለ ራሳችሁም ነው። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? ጓደኛ ታገኛለሽ? እባካችሁ እዚያ ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አትበሉ። እኔ ብዬ ተመልሻለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምነሳ ጽፌ ይዤ ሄድኩ። ሐሙስ ሐሙስ ለአራት ሰዓት ያህል የምትቀመጥልኝ ሰው ያገኘሁት ያኔ ነው።

ገንዘቡን ባጭሩ ላስረዳ። በሳምንት 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ የምታስታምሙ ከሆነ፣ የምታስታምሙትም ሰው እንደ አቴንዳንስ አሎዋንስ ያለ ድጎማ ካለው፣ ኬረርስ አሎዋንስ የሚባል አለ። በሚያዝያ 2025 በሳምንት 83.30 ፓውንድ ነበር። እየሠራችሁም ማግኘት ይቻላል፤ የዚያን ጊዜ ጣሪያው በሳምንት 196 ፓውንድ የተጣራ ገቢ ነበር። ሁለቱም በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ አዲሱን እዩ። ወጥመዱ ያለው ጣሪያው ላይ ነው። በአንድ ፓውንድ ካለፋችሁ የሚቀነሰው አንድ ፓውንድ አይደለም፣ የዚያ ሳምንት ሙሉው ይሄዳል። እኔ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስሠራ ለገና ግብዣ ተጨማሪ ሰዓት ግቢ ተባልኩ፣ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ከወራት በኋላ መልሺ የሚል ደብዳቤ መጣ። ተጨማሪ ሰዓት ከመቀበላችሁ በፊት ካልኩሌተር አውጡ። ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደግሞ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ለማስታመም በዓመት አንድ ሳምንት ፈቃድ መጠየቅ ትችላላችሁ። ደሞዝ የለውም፤ ግን ከሥራ አያስባርርም። ቪዛችሁ ላይ የመንግሥት ድጎማ እንዳትጠቀሙ የሚል ካለበት ግን ምንም ፎርም ሳትሞሉ የኢሚግሬሽን አማካሪ ጠይቁ። ወዳጅ ዘመድን አይደለም።

ወደ ጀልባችን።

ሐሙሴን ካገኘሁ በኋላ አንድ ጥቅምት ላይ ወንድሜ ከፍራንክፈርት መጥቶ እማዬን ለአራት ቀን ያዘልኝ። ከጓደኛዬ ጋር ናሮውቦት ተከራየን። መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። አከራዮቹ አንድ ሰዓት ያህል ያሳዩአችሁና መልካም ጉዞ ይሏችኋል። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ነው የምትሄዱት፤ ዳር ዳር የሚሄደው ሰው ከውሻው ጋር ይቀድማችኋል። የመጀመሪያው ቀን አለቀስኩ። ከደስታ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም ስሜን አልጠራም።

በሁለተኛው ቀን ግን ነገሩ ገባኝ። ለካስ ጀልባዋ ራሷ አስታማሚ ትፈልጋለች! ውሃዋ ያልቅባታል፤ መቅጃው ድረስ ነድተሽ ታጠጫለሽ። የመጸዳጃዋ ሳጥን ይሞላል፤ በእጅሽ ተሸክመሽ ሄደሽ ትደፊያለሽ። እኔ ዓመቱን ሙሉ የማደርገውን ለዕረፍቴም ከፍዬ አደረግኩት። ምድጃዋ ሌሊት ትጠፋለች፤ በዘጠኝ ሰዓት በብርድ ተነስተሽ ትቀሰቅሻለሽ። ጠዋት መስኮቱ በሙሉ ላብ ነው። ባትሪዋ ደከመ ትላለች። በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከውሃ አውጥቶ ሆዷን ጥቁር መቀባት ያስፈልጋል፣ አለዚያ ዝገት ይበላታል። ሎክ ላይ ደግሞ እጀታውን እያዞርሽ ከባዱን በር በጀርባሽ ትገፊያለሽ። እማዬን ከአልጋ ወደ ወንበር ሳነሳ የሚያመኝ ቦታ ነው የታመመው።

የእኛ የራሳችን ጣጣም አለ። የእንጀራ ምጣድ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠጣል፤ በፀሐይና በባትሪ የምትኖር ጀልባ አትችለውም። በከሰል ቡና ማፍላትማ ጭራሽ እንዳታስቡት። አገር ቤት ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው የተኙ ሰዎች ምን እንደሆኑ ሁላችንም ሰምተናል። የጀልባ ውስጥ ደግሞ ከዚያ ቤት ይጠባል። የጭሱን መርዝ የሚያስጠነቅቅ ደወል መኖሪያ ክፍል ባለው ጀልባ ከ2019 ጀምሮ ግዴታ ነው። ሲሊንደር ጋዝም ከአየር ስለሚከብድ ካመለጠ ወደ ላይ አይወጣም፣ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል። ዕጣን? ትንሽ፣ መስኮት ተከፍቶ። እኔ አጭሼ ደወሉ ጮኾብኛል።

አሁን የበርሚንግሃሟ ልጅ ጋ እንምጣ። ጠባቧ ጀልባ ውስጥ ዊልቸር አይዞርም፤ መውረጃው ደረጃም ቀጥ ያለ ነው። ይህ ቢታለፍ እንኳ ትልቁ ነገር ሕጉ ነው። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባ አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆም አይችልም። የ1995 ሕግ ነው። ከ2012 ጀምሮ የእንግሊዝንና የዌልስን አብዛኛውን ካናል የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ነው፤ ፈቃዱንም የሚሰጠው እሱ ነው። ከሁለት ድልድይ መካከል ወዲያ ወዲህ ማለትም አይቆጠርም፤ ዓመቱን በሙሉ መጓዛችሁን ማየት ይፈልጋሉ። አባቷን በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት የሚወስደው መኪና በየአሥራ አራት ቀኑ የት ይምጣ? ለሕመምተኛና ለአካል ጉዳተኛ በ2010 የእኩልነት ሕግ መሠረት ጉዞው እንዲቀልለት መጠየቅ ይቻላል፣ የሚፈቀድላቸውም አሉ። ግን ከመግዛት በፊት የሚጠየቅ ነገር ነው እንጂ ገዝቶ የሚለመን አይደለም። ቋሚ ማቆሚያ ልከራይ ካላችሁ፣ ለንደን ውስጥ ለመኖሪያ የተፈቀደው በዓመት ከ10 ሺህ ፓውንድ የሚያልፍ አለ። ጀልባ ደግሞ መሬት አይደለም፤ እያደር ዋጋው ይወርዳል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ቤተሰብ ጀልባ ላይ ይኖር እንደነበር ሲነገር ደስ ይላል፤ ጽጌረዳ የተሳለበት ባልዲ ምናምን። የገቡበት ምክንያት ግን ችግር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡር መጥቶ የጭነት ዋጋ ሲሰብር ጀልባ ነጂው ረዳት የሚቀጥርበት አጣ። ሚስቱንና ልጆቹን አሳፈረ። የቤት ኪራይም ቀረለት። ስምንት ዘጠኝ ሰው 3 ሜትር በማትሞላ ክፍል ያድር ነበር። ባልዲውን ከዚያ በኋላ ነው የሳሉት።

ልጅቷን «ቤቱን አትልቀቂ» ያልኳት ለዚህ ሁሉ ነው። «ቤቱ በማን ስም ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች። በአባቷ ስም ነው። የእኛም በእማዬ ስም ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከሚያዝያ 2012 ወዲህ በተፈረመ የካውንስል ቤት ውል፣ ተከራዩ ሲሞት ቤቱ በሕግ የሚተላለፈው ለትዳር ወይም ለኑሮ አጋር ብቻ ነው። አብራችሁት አሥር ዓመት ብታስታምሙም ልጅ አይወርስም፤ ውሉ ራሱ የሚፈቅድ አንቀጽ ከሌለው በቀር። ከዚያ በፊት በተፈረመው ግን ቢያንስ ዓመት አብሮ ለኖረ ልጅ በር አለው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ውሉን ከመሳቢያ አውጡና ቀኑን እዩ። እኔ ቀኑን ያየሁ ዕለት ስለ ራሴ አንድ ነገር ገባኝ። የጀልባው ምኞት ግማሹ ድካም ነበር። ግማሹ ግን «እማዬ ስትሄድ የት እገባለሁ?» የሚል ፍርሃት ነው። ጀልባ ማንም የማያስለቅቀኝ ቤት መስሎኝ ነበር። ያ ጥያቄ በጀልባ አይመለስም። የቤት ጉዳይ አማካሪ ጋ ሄጄ፣ እናቴ በሕይወት እያለች፣ ስሜ አብሯት እንደምኖር እንዲመዘገብ አድርጌያለሁ። ሌላውን እየተከታተልኩ ነው።

አሁንም ልግዛ የሚል ካለ፣ አልከለክልም። ብቻ በእንግሊዝ የብርድ ወራት ተከራይታችሁ አንድ ሳምንት ኑሩባት እንጂ በሐምሌ አትወስኑ። ከውሃ ወጥታ ብረቷ ውፍረቱ በባለሙያ ሳይለካ አትክፈሉ፤ ሻጩ ሐበሻም ቢሆን። በየአራት ዓመቱ የሚታደስ የደህንነት ሰርተፍኬት አላት፤ እሱ ግን ስለ ጋዝና እሳት ነው እንጂ ስለ ዝገቷ አይነግራችሁም። የምታስታምሙትን ሰው ውሃ ላይ ማውጣት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ዊልቸር የሚያወርድ ሊፍት ያላቸው የበጎ አድራጎት ጀልባዎች በየአካባቢው አሉ።

እማዬ ጣና ዳር ነው ያደገችው። የጀልባውን ነገር ስነግራት «ሰው ደረቅ መሬት እያለው ታንኳ ላይ ያድራል?» ብላ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ካናሉ ዳር እየገፋኋት ሳለን አንድ ሽማግሌ ጀልባውን ዳር አስጠግቶ ወረደ። ብቻውን ነው። ቧንቧው ጋ ሄዶ እስኪመለስ ገመዷን ያዢልኝ ብሎ ለእኔ ሊሰጠኝ ሲል እማዬ ቀኝ እጇን ዘረጋች። ደህናው እጇ ነው። ሰጣት። ጫፉን ከኋላዋ እኔም ያዝኩ። እሷ ግን ላም እንደያዘ ሰው ጠቅልላ ጨበጠች። «ማን ትባላለች?» አለችኝ። ጎኗ ላይ የተጻፈውን አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ሽማግሌው ተመልሶ እጁን ሲዘረጋላት ወዲያው አልለቀቀችም። ፊቱን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «የራሱ ናት?» አለችኝ።