እማዬን እኔ ጋ ላምጣት ወይስ ቤቷን ላስተካክል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እማዬ 78 ዓመቷ ነው፣ ጉለሌ እኛን ያሳደገችበት የጭቃ ቤት ውስጥ ከአንዲት ዘመዳችን ልጅ ጋር ነው የምትኖረው። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፣ ደረጃ አለው፣ ባለፈው ክረምት ማታ ስትወጣ አዳልጧት ወድቃ እጇ ተሰበረ። አሁን ድኗል ግን ከዛ ወዲህ ማታ ላለመውጣት ብላ ከሰዓት በኋላ ውሃ የሚባል አትቀምስም። እኔ ጀሞ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነኝ፣ ወንድሜ ከአሜሪካ እየደወለ ብር እልካለሁ አንቺ ጋ ትግባ ይላል፣ እሷ ደግሞ እድሬን ጎረቤቶቼን ጥዬ የትም አልሄድም ብላ ታለቅሳለች። ብወስዳት ትቀየመኛለች፣ ብተዋት እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ

እህቴ፣ አታምጫቸው። ሊፍት የሌለው 4ኛ ፎቅ ላይ ከወጡ ለቤተክርስቲያኑም ለለቅሶውም መውረድ ይከብዳቸዋል፣ ቁጭ ሲሉ ደግሞ እግራቸው ጭራሽ ይደክማል። የወንድምሽ ብር ቤታቸው ላይ ይዋል።

ከሁሉም ያሳሰበኝ ውሃው ነው። በዚህ እድሜ ሰውነት ውሃ ሲያንሰው ያዞራል፣ ማዞሩ ራሱ ይጥላቸዋል፣ የሽንት ኢንፌክሽንም ያመጣል። ስለዚህ ዛሬውኑ አልጋቸው አጠገብ ክዳን ያለው ፖፖ ይቀመጥ፣ ማጎንበስ ከከበዳቸው መቀመጫው የተበሳ ጠንካራ ወንበር አሰሪና ባልዲ ከስሩ ይሁን፣ እንዳያፍሩ መጋረጃ ጋርጂላቸው። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ስለማዞሩ ለሐኪማቸው ንገሪ።

ወደ ጓሮው ስንመጣ፣ ጭቃው ግድግዳ ላይ መደገፊያ አሰቅላለሁ እንዳትይ በጣም አደራ፣ ጭቃ ሚስማርም ቡሎንም አይዝም፣ ሲደገፉት ተነቅሎ ይዟቸው ይወድቃል። በያጅ ጥሪና የ1 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቧንቧ፣ እሱ ለመጨበጥ ይመቻል፣ እግር እግሩን መሬት ውስጥ በኮንክሪት አስቀብሪው፣ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ሳይቋረጥ ይሂድ፣ ውስጥም ከመቀመጫው ጎን ይኑር። ከፍታው በልጅቷ ቁመት እንዳይለካ፣ እናትሽ ጫማቸውን አድርገው ይቁሙና እጃቸውን ወደ ታች ዘና ሲያደርጉ የእጃቸው አንጓ የሚያርፍበት ጋ ይሁን።

ደረጃውን አፍርሼ ራምፕ (ደረጃ የሌለው ተዳፋት መንገድ) ላሰራ ካልሽ ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፣ ግቢው ከጠበበ ቁልቁለቱ ከደረጃውም ይብሳል፣ ያኔ ደረጃዎቹን እኩል ቁመት አድርጎ መስራቱ ይሻላል። ግንበኛው ላዩን ሊሾ አድርጎ እንዳያሳምርልሽ ቆመሽ ተቆጣጠሪ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ይሻከር። የሽንት ቤቱ በር ወደ ውጭ ይከፈት፣ ምክንያቱም ወደ ውስጥ ከሆነ ሲወድቁ በሩ ላይ ተደግፈው ማን ይደርስላቸዋል? መብራት ሲጠፋ የሚበራ ባለ ባትሪ አምፖልም በየቦታው አለ፣ አንዱን መኝታቸው አንዱን መንገዱ ላይ አድርጊ።

በያጁ ከመምጣቱ በፊት ግን አብረሻቸው ያንን መንገድ ሂጂና የቱ ጋ እንደሚፈሩ ጠይቂያቸው፣ ስራው ከዛ ይጀመር። ለወንድምሽም የደረጃውን ፎቶ ላኪለት፣ ብሩ ዝናቡ ሳይገባ ይድረስ።