«ጎንደር እጇን ሰጠች» ይባላል? ስለ ጦርነት ፍጻሜ ቃላት

ጥያቄ፦ ጎንደር የምኖር የታሪክ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ባዘጋጀሁት ጽሑፍ «ኅዳር 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ጎንደር እጇን ሰጠች፤ በዚህም የመጨረሻው የዓለም ጦርነት ምዕራፍ ተዘጋ» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። አንድ ባልደረባዬ ልክ አይደለም አሉኝ፤ ምኑ ላይ እንደተሳሳትኩ ግን አልነገሩኝም። ደግሞስ ተኩስ አቁም፣ የጦርነት ማቆም ስምምነት፣ እጅ መስጠትና የሰላም ውል የሚባሉት አንድ ናቸው?

መልስ፦ ባልደረባዎ እውነት አላቸው። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ቢሆንም ባለቤቱም፣ ዓመቱም፣ የቃላቱ ቅደም ተከተልም መታረም አለባቸው። ከሁሉ የሚከብደው ባለቤቱ ነው።

እጅ የሚሰጠው ሲዋጋ የነበረው ወገን ነው። ጎንደርን ይዞ ሲዋጋ የነበረው በጄኔራል ጉልዬልሞ ናሲ የሚታዘዘው የኢጣሊያ ጦር ነበር። ከተማዋና ሕዝቧ በጠላት እጅ ነበሩ፤ አርበኞቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው ከውጭ የሚወጉት ናቸው። «ጎንደር እጇን ሰጠች» ሲባል እንግዲህ ነጻ የወጣው ሕዝብ ተሸናፊ ሆኖ ይነበባል። «ጎንደር ወደቀች» የሚለውም ከዚህ አይሻልም። ከተማዋ «የወደቀችው» ከኢጣሊያኖች በኩል ሆኖ ለሚያይ ነው፤ አነጋገሩ ከውጭ የጦር ታሪኮች ሳናስበው የገባ ነው። በአማርኛ ባለቤቱን ለይቶ ማውጣት ይገባል፦ «ጎንደርን ይዞ የነበረው የኢጣሊያ ጦር እጅ ሰጠ፤ ጎንደርም ነጻ ወጣች።» የጄኔራሉን ስም በ«ሲ» ይጻፉት። በ«ዚ» ከተጻፈ ተማሪው ከጀርመኑ ፓርቲ ስም ጋር ያምታታዋል።

«እጅ ሰጠ» እና «ተማረከ» ይቀራረባሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም። እጅ የሰጠ ራሱ መዋጋቱን ትቷል፤ የተማረከ ግን ሳይወድ፣ ምናልባት ቆስሎ ወይም ተከቦ የተያዘ ሊሆን ይችላል። ኅዳር 12 በቁልቋል በር ውጊያ የተያዙትን ወታደሮች «ተማረኩ» ማለት ያስኬዳል፤ ናሲ ከስድስት ቀን በኋላ ያደረጉት ግን እጅ መስጠት ነው።

ወደ ዓመቱ እንምጣ። ዕለቱ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 27፣ 1941 ነው። ከዚህ ላይ 8 ከተቀነሰ 1933 ይመጣል፤ ስሕተቱ የተፈጠረው እዚህ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ጊዜ የሚቀነሰው 7 ነው፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይሆናል። ስለዚህ ትክክሉ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ስሕተቱ ቀላል አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ስለሆነ፣ ኅዳር 1933 ብሎ የጻፈ ሰው ጎንደርን ከአዲስ አበባ አምስት ወር አስቀድሞ ነጻ ያወጣታል። የነገሩ ሁሉ ቅደም ተከተል ይገለበጣል።

«የመጨረሻው የዓለም ጦርነት ምዕራፍ» የሚለው ደግሞ ሁለት ዓይነት ይነበባል። «የመጨረሻው» ከሚቀርበው ስም ጋር ስለሚያያዝ፣ አንባቢው ከዚያ ወዲያ ሌላ የዓለም ጦርነት እንደማይኖር የተነገረው ሊመስለው ይችላል። «የዓለም ጦርነቱ የመጨረሻ ምዕራፍ» ሲሉት ግን የሚያሻማ ነገር አይኖርም። እንዲህ ቢስተካከልም እንኳ ለጎንደር ልክ አይሆንም፤ የዓለም ጦርነቱ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ቀጥሏል። ኅዳር 18 ያበቃው በምሥራቅ አፍሪካ የተካሄደው ዘመቻ ነው። ውጊያ በአንድ ቦታ የሚደረግ ነው፤ የብዙ ውጊያ ድምር ዘመቻ ይሆናል፤ ጦርነት ግን በመንግሥታት መካከል ያለው ጠበኝነት ራሱ ነው፤ ጥይት ባይተኮስም ሊኖር ይችላል።

አራቱ ቃላት የሚለያዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ተኩስ አቁም ጥይቱን ብቻ ያስቆማል፤ ለሰዓታትም ሊሆን ይችላል። የጦርነት ማቆም ስምምነት ውጊያውን በሙሉ ያስቆማል፤ ጦርነቱ ግን በሕግ ፊት አልተዘጋም። እጅ መስጠት የአንድ ወገን ነው፤ ተሸናፊው ይፈርማል፣ አሸናፊው ይቀበላል። ጦርነቱን በሕግ የሚዘጋው የሰላም ውል ነው።

የኢጣሊያ ነገር ለተማሪ ጥሩ ምሳሌ ነው። ናሲ እጅ የሰጡት ኅዳር 1934 ነው። የኢጣሊያ መንግሥት ከተባበሩት ኃይሎች ጋር የጦርነት ማቆም ስምምነት የፈረመው ነሐሴ 28 ቀን 1935 ሲሆን ለሕዝብ የታወጀው ጳጉሜን 3 ነው። የሰላም ውሉ ፓሪስ ላይ የተፈረመው ደግሞ የካቲት 3 ቀን 1939 ነው። ኢጣሊያ የኢትዮጵያን ነጻነትና ሉዓላዊነት ያወቀችውና 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል የገባችው በዚህ ውል ነው። «ከኢጣሊያ ጋር የነበረው ጦርነት መቼ አበቃ?» ለሚል ጥያቄ ሦስቱም ቀኖች መልስ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የትኛውን ማለታችን እንደሆነ የሚለየው የምንመርጠው ቃል ነው።

የጀርመን ሁለት ፍጻሜዎችም ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ይጻፋሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀርመን የፈረመችው የጦርነት ማቆም ስምምነት ነው። ጊዜው መጀመሪያ 36 ቀን ነበር፤ እየታደሰ ሄዶ የቬርሳይ የሰላም ውል ሰኔ 21 ቀን 1911 ተፈረመ። የጦርነት ማቆም ስምምነቱ 5,000 መድፍና 25,000 መትረየስ እንድታስረክብ ቢያስገድዳትም «እጅ ሰጠች» አያሰኝም፤ ጦሯ ገና በሰው አገር መሬት ላይ ነበር። በሚያዝያ 1937 ግን ያደረገችው ያለ ቅድመ ሁኔታ እጅ መስጠት ነው። ጃፓንም እጅ የሰጠችበትን ሰነድ ነሐሴ 27 ቀን 1937 ፈርማለች፤ የሰላም ውሏ እስኪጸና ድረስ ግን ሚያዝያ 1944 ደርሷል። የቃኘው ሻለቃ የዘመተበት የኮሪያ ጦርነት ደግሞ በ1945 በጦርነት ማቆም ስምምነት እንደቆመ ነው፤ የሰላም ውል አልተከተለውም። ስለዚህ ለኮሪያ «ቆመ» ይበሉ፤ «ተቋጨ» ወይም «አከተመ» አይስማማውም።

ስለ «ተኩስ አቁም» አንድ የሰዋስው ነገር ልጨምር። ቃሉ ከትእዛዝ ወደ ስምነት የተለወጠ ነው። «ተኩስ አቁሙ ተጣሰ» ሲባል መጨረሻው «አቁሙ!» ከሚለው የብዙ ሰዎች ትእዛዝ ጋር ይመሳሰላል፤ «የተኩስ አቁም ስምምነቱ ተጣሰ» ቢባል ይጠራል። «ተፈረመ» እና «ጸና»ንም መለየት ያሻል፤ በሁለቱ መካከል ሰው ይሞታልና። አንደኛው የዓለም ጦርነት «በ11ኛው ወር፣ በ11ኛው ቀን፣ በ11ኛው ሰዓት» አበቃ የሚለው የፈረንጆች አባባል እንዳለ ወደ አማርኛ ሲመጣ ሦስቱም ቁጥር ይሳሳታል። በእኛ 11ኛው ወር ሐምሌ ነው፤ ዕለቱ ግን ኅዳር 2 ቀን 1911 ነበር። ሰዓቱም ከረፋዱ 5 ነው። በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት፣ ያውም የንጋቱ፣ ስምምነቱ የተፈረመበት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስድስት ሰዓት ያህል ተተኩሷል። ለተማሪዎቹ «ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ተፈረመ፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጸና» ብለው ይጻፉላቸው።