«ቅኔ ዘረፈ» ሲባል የሚዘረፈው ማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ግጥም ሳነብ የሰማኝ ጓደኛዬ «ይሄ ነው ዘረፋ!» አለኝ። ሊያደንቀኝ ነው፤ እኔ ግን ቅር አለኝ። የራሴን ነው የጻፍኩት። ዘረፋ ከስርቆት ሌላ ትርጉም አለው? ግጥም ድንገት ሲመጣብንስ ስሜቱን ምን እንበለው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ከልቡ ነው ያደነቀዎ። ቃሉን ያመጣው ከቅኔ ቤት ነው። እዚያ ተማሪ ቅኔ «ይቆጥራል»። ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ወንዝ ዳር ይቀመጣል። ቃል ይመርጣል፣ ቤት ያስመታል፣ ሰሙን ከወርቁ ያስማማል። ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ 2 ቤት (ስንኝ) ቅኔ ጀምሮ መወድስ እስከሚባለው ባለ 8 ቤት ቅኔ እስኪደርስ በዚህ ይከርማል። የበሰለው ባለ ቅኔ ግን «ይዘርፋል»። ማኅሌት ላይ እንደቆመ፣ ሳይጽፍ ሳያሰላስል፣ ያወርደዋል።

ታዲያ ከማን ይዘርፋል? ከሰውማ አይደለም። በሥርዓቱ አንዴ የተባለ ቅኔ አይደገምም፤ የሌላውን ይዞ መቆም ትልቅ ነውር ነው። እኔ በቃሉ ውስጥ የምሰማው ፍጥነቱን ነው። ዘራፊ አያስፈቅድም፤ ያገኘውን አፈፍ አድርጎ ይሄዳል።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ የምመርጠው «ተመስጦ»ን ነው። ይህን ቃል በጣም እወደዋለሁ። ሥሩ ግዕዝ ነው፤ «መሠጠ» ማለት ነጠቀ፣ ቀማ ማለት ነው። የተመሰጠ ሰው እንግዲህ የተነጠቀ ሰው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «እስከ ሦስተኛው ሰማይ ድረስ ተነጠቀ» እንደሚለው ዓይነት። ልብ ይበሉ፤ «ዘረፈ» ሲባል ነጣቂው ባለ ቅኔው ነው። «ተመሰጠ» ሲባል ደግሞ የተወሰደው ራሱ ነው። አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው፤ ሁለቱም ግን ንጥቂያ ናቸው። ግጥም ጽፎ የሚያውቅ ሰው ሁለቱም እውነት መሆናቸውን አያጣውም።

አሁን አሁን «ተነሳሽነት» የሚሉ አሉ። እሱ ለሥራና ለዘመቻ ይሁን። ተነሳሽነት ያለው ሰው ራሱ ነው የሚነሳው፤ ግጥም ግን ሰውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል። «መጣልኝ» ማለትም ያምራል፤ አድራጊው ግጥሙ ነውና።

ሲጽፉ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «ቅኔ ዘረፈ» ሙገሳ ነው። «ግጥም ዘረፈ» ካሉ የዛሬ አንባቢ የሚረዳው ስርቆት ነው። ጓደኛዎም «ቅኔ» የምትለዋን ቃል ጨምሮባት ቢሆን ኖሮ ቅር ባልተሰኙ ነበር።