የአሳ ጫጩቶችህ የማይሸሹት ርቧቸው ነው

የድሬዳዋ ሳቢያኑ ወንድሜ፣ በሲሚንቶ ገንዳህ ያሉት የቆሮሶ (ቲላፒያ) ጫጩቶች ቀን በቀን ይጎድላሉ፣ ወፍ መስሎህ ከላይ መረብ ዘርግተህ ነበር አልቆመም፣ እታች ሁለት አምባዛ አለ፣ ሌላ አሳ የሚበላው፣ ጫጩቶቹ እጅህን ስታስገባ እንኳን ንቅንቅ አይሉም ብለሃል። አቦ ይቺ የመጨረሻዋ ናት ዋናዋ። ጤነኛ ጫጩት ጥላህን አይቶ ብትንትን ነው የሚለው። ሆዳቸው ገብቶ ጭንቅላታቸው ከገላቸው ከገዘፈ ርቧቸዋል፣ አምባዛው የደከመውን ነው የሚለቅመው።

እጅህን ከማስገባትህ በፊት የገንዳውን ሞተር ከሶኬት ንቀል! ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

አሳ ሲደነግጥ አስቦ አይሸሽም። ጎኑ ላይ የውሃ ግፊት የሚሰማቸው ፀጉራም ህዋሳት አሉ፣ አዳኙ ሲመጣ ውሃው ይገፋል እነሱ ይሰሙታል፣ መልዕክቱ ኋለኛው አንጎል ውስጥ ግራና ቀኝ ወዳሉት ሁለት ትልልቅ ነርቮች ይሄዳል፣ ማውትነር ይባላሉ፣ የቀኙ ከተነሳ የግራው ጎን ጡንቻ ባንዴ ይኮማተርና አሳው ጥምዝ ብሎ ወደ ግራ ይወረወራል፣ ይሄ ሁሉ ከሰከንድ አንድ አስረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። አዲስ ጫጩት ህዋሱም ጥቂት ነው ጡንቻውም ስስ፣ ሲያድግ ነው ሁለቱም የሚጠነክሩት። ከራበው ግን የሚያድግበት የለውም፣ የራሱን ጡንቻ ይበላል፣ ስለዚህ ወይ ጭራሽ አይደነግጥም ወይ ቢወረወርም ሩቅ አይደርስም። የድሬ ሙቀት ደግሞ ጉልበታቸውን ቶሎ ይጨርሰዋል።

የምትሰጣቸው ርካሽ ፍሬ መኖ ለአፋቸው ትልቅ ነው፣ ፉርሽካ ብቻውንም አያሳድግም። ፕሮቲን ያለው መኖ ፈጭተህ በደቃቅ ወንፊት ንፋውና በቀን 4 ወይ 5 ጊዜ ትንሽ ትንሽ በትን። አምባዛዎቹን ዛሬውኑ ለይ። ጫጩቶቹን በመረብ እከልላለሁ ካልክ የወባ አጎበር እንዳትነካ፣ የተነከረበት መድሃኒት አሳ ይፈጃል።

በፎቶው ያየሁት የሞተር ገመድ በጣም አናዶኛል፣ የሰራልህ ሰው በናስትሮ ጠቅልሎ ውሃ ውስጥ ጥሎታል፣ ኤክስቴንሽኑም ያ ቀጭኑ ርካሽ ነው አፈር ሽቦ የለውም። ቀይረው፣ እስክትቀይረው ሳትነቅል ውሃ አትንካ፣ ልጆችም እንዳይጠጉ።

በሳምንት ውስጥ ሆዳቸው ሞላ ብሎ እጅህን ሲያዩ መበተን ይጀምራሉ። አንዳንዱ ግን ረሃቡ በጣም ስለቆየበት መኖ ብትሰጠውም አይበላም፣ እሱን አውጣው፣ የሚቀጥሉትን ከእናታቸው አፍ ወጥተው ከተለዩበት ቀን ጀምረህ መግብ።