ጥያቄና መልስ፦ ቫይታሚኑና የዕለቱ ክኒን

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ከላካችኋቸው ጥያቄዎች ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁትን አስቀድሜአለሁ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ «ደምሽ አንሷል» ብላ ብረትና ካልሲየም ያለበት ክኒን ሰጠችኝ። ማታ በባዶ ሆዴ ከመድኃኒቴ ጋር እውጠዋለሁ። ይጎዳኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ አስተካክዪው። እንደ አብዛኞቹ ታካሚዎቻችን የምትወስጂው ዶሉቴግራቪር ያለበት ከሆነ፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ዚንክና ማግኒዚየም ሆድ ውስጥ ይጣበቁበትና ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሱታል። መድኃኒቱን ከእነዚህ 2 ሰዓት ቀድመሽ ወይም 6 ሰዓት ዘግይተሽ ውሰጂ። ብረትና ካልሲየም ከሆኑ ከእራት ጋር አብሮ መዋጥም ይቻላል። አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ ማስታገሻ ግን ከምግብ ጋርም አይሆንም። በየቀጠሮው «ሌላ መድኃኒት ትወስዳላችሁ?» ብለን ስንጠይቅ ቫይታሚኑን የሚነግረን ጥቂት ሰው ነው፤ መድኃኒት አይመስለውማ! እባካችሁ ንገሩን።

ጥያቄ፦ የቲቢ መከላከያ ከጀመርኩ ወዲህ ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ መከላከያው አይሶናያዚድ ከሆነ የሰውነትን ቫይታሚን ቢ6 ያሟጥጣል። አብሮ የሚሰጥዎት ትንሹ ክኒን ለዚህ ነው፤ ትተውት ከሆነ ሳይደብቁ ይንገሩን። የቢ12 እጥረት፣ የስኳር በሽታና ቫይረሱ ራሱም እንዲህ ያደርጋሉ። ስለዚህ ሳይመረመሩ የቫይታሚን መርፌ አይወጉ።

ጥያቄ፦ አጽዋማቱን ሁሉ እጾማለሁ፤ ክኒኑን ግን አልተውም። ይበቃኛል?

መልስ፦ እማማ፣ ክኒኑን አለመተውዎ ደስ አሰኝቶኛል። ቢ12 ግን በሽሮም በጎመንም የለም፤ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ጉበት ለረጅም ጊዜ የሚሆን ስለሚያከማች አንድ ሁዳዴ አይጎዳዎትም። እኔን የሚያስጨንቀኝ በፍስኩም ሽሮ ብቻ የሚበላው ሰው ነው። በፍስክ እንቁላል አይጡ፤ ክብደትዎ ከቀነሰ ደግሞ ስለ ጾሙ የነፍስ አባትዎን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ የቀን ሠራተኛ ነኝ። የትኛውን ቫይታሚን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚያ ገንዘብ ምስር፣ ጎመንና ካሮት ግዛ። ካሮቱን በጥቂት ዘይት አብስለው፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ አይዋሃድም። ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቅበት፤ ቡናውን ግን ከምግቡ አርቀህ ጠጣ፤ ብረቱን ያስቀርብሃል። ታንዛኒያ ውስጥ ፀረ ኤች አይ ቪ ለጀመሩ ሰዎች ከፍተኛ መጠን ያለው መልቲቫይታሚን (ብዙ ቫይታሚን በአንድ ክኒን) ተሰጥቶ ከመደበኛው መጠን የበለጠ ጥቅም አላሳየም፤ እንዲያውም የአንዳንዶቹን የጉበት ምርመራ ውጤት ከፍ አድርጎታል። ከስተህ ከሆነ ግን ቀጠሮህን ሳትጠብቅ ና፤ ክብደትህንና ክንድህን እንለካለን።