ያልከፈትኳቸው ሰባት ፖስታዎች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ነጋዴ ምክር ፈልጎ ቤቴ መጣ። ሱቁ የተዘጋው ከስምንት ዓመት በፊት ነው፤ የባንክ ኦቨርድራፍቱ፣ ማለትም ከሒሳቡ ካለው በላይ እንዲያወጣ ባንኩ የፈቀደለት ብድር፣ ግን አልተዘጋም። አሁን ዕዳ አስመላሾች በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደውሉለታል። «ቁጥሩን ሳይ ስልኬን አጠፋለሁ፤ ምን ይላሉ ጋሼ?» አለኝ። አጭር መልስ ሰጥቼ ሸኘሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን በሒሳብ ሠራተኛነት የኖርኩ ሰው ነኝ። በ1992 ዓ.ም. ደመወዜ አልበቃ ቢለኝ እዚሁ ባሕር ዳር የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ከፈትኩ። ባንኩ በተንቀሳቃሽ ሒሳቤ ላይ ኦቨርድራፍት ሲፈቅድልኝ የማስይዘው ቤት ስላልነበረኝ፣ የጣና ዳሯ የዘጌ ተወላጅ የሆነ መምህር ጓደኛዬ የራሱን ቤት አስያዘልኝ። ኦቨርድራፍት የሚጠቅመው ገንዘቡ ሲገባና ሲወጣ ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ ዕዳው ከተፈቀደው ጣሪያ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ወለዱም በላዩ ይደፋበታል። ይህን ለሌላው ሳስረዳ የኖርኩት ሰው፣ ከባንኩ የመጡልኝን ደብዳቤዎች ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። ሰባት ነበሩ።

በጥር አንድ ማለዳ ጓደኛዬ ጣና ዳር አስጠራኝ። ሰዎች ከደንገል ታንኳ ላይ እንጨት ያራግፉ ነበር። በእጁ የያዘው ወረቀት ከግቢው በር ላይ የተላጠ ነው፤ ጀርባው ላይ የደረቀ የዱቄት ሙጫና የበሩ ሰማያዊ ቀለም ቅርፊት ነበረበት። የ30 ቀን የሐራጅ ማስጠንቀቂያ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን መሸጥ እንደሚችል እኔ አውቅ ነበር፤ እሱ አያውቅም። ወረቀቱን ከእሱ ቀድመው ያነበቡት ልጆቹ ናቸው። አልጮኸብኝም።

«ከዚህ በፊት ደብዳቤ ደርሶህ ነበር?» አለኝ።

«አልደረሰኝም» አልኩት።

ታንኳው ተራግፎ እስኪያልቅ ሁለታችንም ቃል አልተነፈስንም።

ማታ መሳቢያውን ከፈትኩ። በሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ባንኩ በ15 ቀን ውስጥ ቀርቤ ካመለከትኩ ዕዳውን በየወሩ ወደሚከፈል ብድር ሊያዛውርልኝ ፈቃደኛ መሆኑን ጽፏል። ቀኑ ካለፈ አራት ወር ሆኖታል።

የጓደኛዬ አገር ዘጌ በጻድቁ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን በሬ ተጠምዶ አይታረስም፤ የሰዉ ኑሮ በደን ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና ነው። የጓደኛዬ ወንድሞች የዓመት ቡናቸውን ሸጠው ቤቱን አዳኑት። እኔ ያንን ከፍዬ ለመጨረስ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ።

በእኛ ጊዜ ሰው ለመበደር ኮት ለብሶ፣ ዋስ ይዞ፣ ሥራ አስኪያጅ ፊት ይቆም ነበር፤ ሐፍረቱ ልጓም ነበር። ዛሬ ሒሳባችሁ ሲጎድል የቴሌብሩ «እንደኪሴ» የተባለው የስልክ ብድር ይሞላላችኋል፤ ብድሩ በእርግጥ የራስ ኪስ ይመስላችኋል፤ ያሳስበኛል። ነገር ግን እኔን ደብዳቤ ያስደበቀኝም ያው ሐፍረት ነው፤ አላመሰግነውም።

ወጣቱ ስለ ይርጋም፣ ዕዳን በሕግ መጠየቂያው ጊዜ ስለሚያልፍበት ደንብ፣ ጠይቆኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት ቢታገሥ ዕዳው ይሞት እንደሆነ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 የተጻፈው የ10 ዓመት ይርጋ እውነት ነው። ሆኖም፣ ልጄ፣ ደዋዩን ዝም ለማሰኘት ጥቂት ብር ብትከፍል ወይም ዕዳውን ብታምን በቁጥር 1851 መሠረት ይርጋው ተቋርጦ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። አንተ ካላነሳኸው ደግሞ ዳኛው በራሱ አያነሳልህም። ይህን ማወቅ መብትህ ነው። ቢሆንም የተጠቀምክበትን ገንዘብ በይርጋ ማምለጥን አልወድልህም፤ ስላንተ ቤቱን ያስያዘ ሰው ካለማ ጨርሶ አታስበው።

ስልኩን አንሳ። ደዋዩ የባንክ ሠራተኛ ከሆነ ስሙንና ቅርንጫፉን፣ ተወካይ ከሆነ የውክልና ወረቀቱን ጠይቅ። በግለሰብ ሒሳብ አንድ ብር አታስገባ። ከዚያ ቅርንጫፉ ሄደህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን የሒሳብ መግለጫ (ስቴትመንት) አስወጣ፤ ዋናውን ዕዳ፣ ወለዱንና ቅጣቱን ለያይተህ ደምር። ይርጋውን እንደሚያቋርጥ አውቀህ፣ በወር የምትችለውን በጽሑፍ አቅርብ። የማትችለውን አትጻፍ።

ጓደኛዬ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ስለ ደብዳቤዎቹ ዳግመኛ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ሳልነግረው ቀረሁ። ባለቤቱ አሁንም በዚያው ቤት ይኖራሉ፤ የግቢው በር ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ፤ ሰባቱን ፖስታዎች ይዤ።