የድሮ መኪና ሴንሰር፦ ጠይቁ፣ ግን ሶኬቱን አይታችሁ

ዛሬ ቅዳሜ ነው። እስከ በርጫ (ጫት) ሰዓት ከድሬዳዋና ከሐረር ያመጣችሁትን ጥያቄ እመልሳለሁ። እጄ ያለው የድሮ ቶዮታ ቤንዚን ሞተር ላይ ነው፤ ናፍጣ የያዛችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። አንድ ነገር ቀድሜ ልበል፦ ሴንሰር (ሙቀት፣ ግፊት እየለካ ለመኪናው ኮምፒዩተር የሚነግረውን) ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬቱንና ማሳውን፣ ማለት ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ፣ እዩ። እስኪመሽ አሥር ጊዜ እንደምደግመው አውቃለሁ።

ከሳቢያን፣ የ1994 ሞዴል ኮሮላ፦ ጋሼ፣ ቼክ ኢንጂን በርቶ አልጠፋ አለ። ኮምፒዩተር ያለው ጋራዥ ልውሰደው?

አትውሰደው። የዛሬው መመርመሪያ ለዚያ ዘመን ኮሮላ አይሆንም። ኮፈኑን ክፈት፤ ክዳኑ ላይ «ዲያግኖሲስ» የሚል ትንሽ ጥቁር ሳጥን ታገኛለህ። ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝ። ክዳኑን ሁለቴ አንብብ፤ ቀዳዳ ከተሳሳትክ ሌላ ጣጣ ታመጣለህ። ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈትና መብራቱን ቁጠር። ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ብልጭ ካለ የተመዘገበ ኮድ (የብልሽት ቁጥር) የለም። ሁለቴ ብልጭ ብሎ፣ አርፎ፣ እንደገና ሁለቴ ካለ 22 ነው፤ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። 21 ኦክስጅን ሴንሰር፣ 31 የአየር ግፊቱ፣ 41 የነዳጅ መስጫው ሴንሰር ነው። ግን ኮዱ የሚነግርህ መስመሩን ነው። ሴንሰሩ ሞቷል ማለት አይደለም! ሶኬቱን እይ።

ከከዚራ፦ መኪናዬ ቤንዚን ይበላል። ምን ላድርግ?

ምን መኪና? የስንት ዓመተ ምሕረት? ሐኪም ቤት ገብተህ «አሞኛል» ብለህ ዝም ትላለህ?

ከሐረር፣ ሸዋ በር፦ ኮሮላ ነው። ጠዋት ጠዋት ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ነዳጅም ይጠጣል። ቆጣሪው ላይ ሙቀቱ ከግማሽ በታች ነው። የውሃ ሴንሰር ሁለቴ ቀየርኩ። ሦስተኛ ልግዛ?

አቦ፣ ገንዘብህን ያዝ። ቴርሞስታት አለው? መኪናውን ድሬ ነው የገዛኸው?

ሸዋ በር፦ አዎ፣ ከድሬ ነው። መካኒኩ «እዚህ ሙቀት ቴርሞስታት ምን ያደርጋል» ብሎ ድሮ አውጥቶታል አሉኝ።

ይኸው! ሃያ ዓመት የምጮኸው ይህን ነው። ቴርሞስታት ውሃው 82 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ መንገዱን ይዘጋል። ካወጣኸው ውሃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ራዲያተር ውስጥ ይዞራል። በሐረር ጠዋት ብርድ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ቢሮ ትደርሳለህ። ሴንሰሩ ደግሞ «ገና ቀዝቃዛ ነኝ» ብሎ እውነቱን ይናገራል። ኮምፒዩተሩ አምኖት ቤንዚን ይጨምራል። አንተ እውነት የተናገረውን ሁለቴ አባረርከው።

ላረጋግጥ ካልክ በቴስተር ለካው። ሴንሰሩ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ማሳየት አለበት። ሲሞቅ ይወርዳል። (የድሬ የቧንቧ ውሃ 20 ዲግሪ ነው እንዳትሉኝ።) ደግሞ ሁለቱን አታምታታ፤ በብዙ የድሮ ቶዮታ ባለ አንድ ሽቦው ለቆጣሪው ነው፣ ባለ ሁለት ሽቦው ለኮምፒዩተሩ። ራዲያተሩን ትኩስ ሳለ አትክፈት።

መካኒክ ነኝ፣ ከመጋላ፦ ይቅርታ ግን ቴርሞስታት ያላወጣሁለት መኪና ደንገጎ ዳገት ላይ ፈልቶ ይመለሳል።

የሚፈላው ራዲያተሩ ስለተደፈነ ወይ ቴርሞስታቱ ስለተጣበቀ ነው። አዲስ ግጠምለት። በአንዳንድ ሞተር ላይ እንዲያውም ስታወጣው የውሃው አቋራጭ መንገድ ክፍት ይቀርና ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል። ያኔ ይብሳል።

የሐረር ፔጆ 404 ባለቤት፦ እኔ ሴንሰር የለኝ፣ ኮድ የለኝ። ካርቡሬተሬን በካቻቢቴ አስተካክዬ እሄዳለሁ።

ከለገሃሬ፦ ስትሄድ ከኋላህ ያለነው በጭስ እያለቀስን ነው!

ፔጆ 404፦ ያንተ ቪትዝ ቆሞ እኔ አልጎተትኩትም?

ፔጆውን እዚያው ሻይ ላይ ጨርሱት። ቀጥሎ።

ከደቻቱ፦ ደንገጎን ስወጣ አቅም ያጣል። ሴንሰር ይሆን?

ትንሽ ማጣቱ ተፈጥሮ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ አናቱ ከ2,000 ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ አንድ አሥረኛ ገደማ ይሳሳል። ከዚያ በላይ ከተጎተተ፣ ከሞተሩ ወደ ግፊት ሴንሰሩ የምትሄደውን ቀጭን ጎማ ቱቦ እያት። የድሬ ሙቀት አድርቆ ይሰነጥቃታል። በአምስት ደቂቃ የምትቀየር ቱቦ ናት፤ ሰዉ ግን ሴንሰር ሊገዛ ይሮጣል።

ከገንደ ቆሬ፦ የአየር ፍሰት ሴንሰሩን በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ ላጥበው?

እንዳትነካው! ውስጡ ያለው ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ለእሱ የተሠራ ስፕሬይ አለ፤ ንፋና እስኪደርቅ ጠብቅ። አቧራው የገባው በፊልትሮው ነው፤ መጀመሪያ እሱን ቀይር።

ከሳቢያን፣ ሌላ ሰው፦ ሰላም፣ ቼክ ኢንጂን በርቷል፣ ምንድን ነው?

ከላይ መልሻለሁ። አንብብ።

ከሐረር፣ ጀጎል፦ ሲግል ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል።

በጠፋበት ሰዓት ካንዴላው እሳት አለው ወይ? ያን ሳታይ አትምጣ። ከሌለው ቦቢናውን (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ወይም ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለውን ሴንሰር ጠርጥር። ሶኬቱን…

ሳቢያን፣ የመጀመሪያው፦ ጋሼ፣ 22 ቆጠርኩ። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት አለ።

ባትሪውን ፍታ፣ ጥረገው፣ ገጥመህ ባትሪውን መልስ። መብራቱን ሳትረሳ እንደገና ቁጠር።

ከከዚራ፦ ጋሼ፣ የኔን አልመለስክልኝም። ቪትዝ ነው።

የስንት ዓመት?

ከዚራ፦ የጓደኛዬ መኪና ነው፣ አላውቅም።

ጓደኛህ ይጠይቅ እንግዲህ። በርጫ ደርሷል።